የ1961ዱ የደቡብ አፍሪካ ሪፐብሊክ ነጻነት ሊባል ይገባዋልን?

መነሻ፦ ደቡብ አፍሪካ በ1910 በብሪታንያ ዘውድ ሥር ዶሚኒየን (ራሷን የምታስተዳድር ግዛት) ሆና ተመሠረተች፤ ሜይ 31 ቀን 1961 ሪፐብሊክ ሆነች። ይህ ቀን የነጻነት ቀን ነውን? (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕግ ባለሙያው፦ በእኔ እምነት ጥያቄው ዓመቱን ስቷል። ዶሚኒየኖች ለለንደን ፓርላማ ሳይታዘዙ ሕግ እንዲያወጡ የፈቀደው የዌስትሚንስተር ድንጋጌ በ1931 ወጥቷል፤ በ1934ም የአገሪቱ ፓርላማ የበላይ ሕግ አውጪ መሆኑን በራሱ ሕግ አጽንቷል። በ1961 የተለወጠው የርእሰ ብሔሩ ማዕረግ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እስከዚያው ዓመት የንግሥቲቱ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ቻርልስ ስዋርት ናቸው። ቀድሞ በእጅ የገባን ነጻነት ሪፐብሊኩ አላመጣውም ብሎ መውቀስ አያስኬድም።

የታሪክ መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ የዘረዘሩት ሕግ ትክክል ነው፤ ነጻነቱ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ኦክቶበር 5 ቀን 1960 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡት ነጮች ብቻ ናቸው፤ ሪፐብሊኩ በ52 በመቶ ድምፅ ሲጸድቅ፣ የአገሪቱ አብላጫ የሆነው ጥቁር ሕዝብ ሐሳቡን እንኳ አልተጠየቀም። በዚያው ዓመት ማርች ወር ሻርፕቪል ላይ ጥቁሮች የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እንዲይዙ የሚያስገድደውን የይለፍ ወረቀት ሕግ የተቃወሙ 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ወድቀዋል፤ የጥቁሮች መብት ታጋይ ድርጅት የሆነው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስም ታግዷል። ማንዴላ ሁሉም ዘር የሚወከልበት ብሔራዊ ጉባኤ እንዲጠራ ጠይቀው መንግሥት ጆሮ ሲነፍጋቸው፣ በሪፐብሊኩ አዋጅ ዋዜማ ሠራተኛው ከቤቱ እንዳይወጣ ጥሪ አደረጉ፤ ምላሹ የጅምላ እስር ሆነ። በዚያ ዓመት የተመቱትን ሳንቲሞች አገላብጦ ያየ ሰው፣ በንግሥቲቱ ምስል ቦታ የሚያገኘው በ1652 ኬፕ ላይ ሰፈራ የመሠረተውን የሆላንድ ኩባንያ አዛዥ፣ ያን ፋን ሪቤክን ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ይህ ነው፤ አንዱን ቅኝ ገዥ አውርዶ በሌላው መተካት ለባለ አገሩ ምኑ ነው?

የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተመራማሪው፦ በዚህ ከእህቴ ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ሪፐብሊኩ መሥራቾቹ ያላሰቡትን በር ከፍቷል። ሪፐብሊክ የምትሆን አገር በኮመንዌልዝ፣ ማለትም በብሪታንያና በቀድሞ ግዛቶቿ ማኅበር፣ ለመቆየት የአባላቱን ይሁንታ ትሻ ስለነበር፣ ማርች 1961 ለንደን ላይ አፓርታይድ፣ የዘር መለያየት ሥርዓቱ፣ በብርቱ ሲወገዝ የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፈርቩርት በአባልነት የመቆየት ጥያቄያቸውን ሰርዘው ወጡ። በሌላም በኩል አገራችን ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት እንደመሆናቸው፣ ማኅበሩ ለደቡብ አፍሪካ በአደራ በሰጣት በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔው በተደረገ በወሩ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን ከስሰዋል።

የሕግ ባለሙያው፦ ፍርድ ቤቱ ግን በ1966 ከሳሾቹ በቂ የሕግ ጥቅም የላቸውም ብሎ ክሱን ዘግቶታል። የደቡብ አፍሪካ ከዓለም መገለል ብቻውን የአፓርታይድን ሥርዓት አልጣለም።

የታሪክ መምህርቷ፦ እኔም ብቻውን ጣለው አላልኩም። የጣለው በየፋብሪካውና በየሰፈሩ ዋጋ የከፈለው ሕዝብ ነው። ያ ሕዝብ ኤፕሪል 27 ቀን 1994 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ፣ የነጻነት ቀን ብሎ የሰየመው ያንኑ ቀን ነው፤ ሜይ 31ን ግን ከበዓላቱ ዝርዝር አውጥቶታል።