ቶምካቴ 6 ሰዓት ሲል ይሞታል፤ ከተራ ደርሷል፣ ድረሱልኝ!

አዘዞ ኮደር፦
ሰላም ቤተሰብ። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይድረስልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ ገስት ሃውስ የክፍል ማስያዣ ሲስተም ሠርቻለሁ። ጃቫ ነው፣ ቶምካት (የጃቫ ዌብ አፖችን የሚያስኬድ ሰርቨር) ላይ ነው የሚሄደው፣ ክላውድ ላይ ተጭኗል። ሦስት ቀኑ ነው፣ 6 ሰዓት ሲል ይወድቃል። ሳይቱ 502 ይላል፣ ከኋላ ያለው ሰርቨር አልመለሰም ማለት ነው። ጠዋት ሪስታርት ሳደርገው ይነሣል፣ መልሶ ይሞታል። ዛሬ ጥር 6 ነው። ለከተራ አራት ቀን ቀረ። የቤቱ ባለቤት እትዬ በየሰዓቱ እየደወሉ ነው። የክላውድ ኩባንያው ሆን ብሎ የሚዘጋብኝ መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ደምቢያ፦
ሪስታርት አድርገው።

አዘዞ ኮደር፦
እሱን እያደረግኩ ነው እኮ ያልኩት።

ማራኪ ሰፈር፦
መብራት ሄዶ እንዳይሆን? እኛ ጋ ትናንት ማታ ጠፍቶ ነበር።

አዘዞ ኮደር፦
ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው ያለው። ከማራኪ መብራት ጋር ምን አገናኘው?

ማራኪ ሰፈር፦
እኔ ምን አውቄ። እዚያም ይጠፋ ይሆናል ብዬ ነው።

ጋሼ ተርሚናል፦
ልጄ፣ መጀመሪያ አጠያየቅ ተማር። የቶምካቱ ቨርዥን የለም። የጃቫው የለም። ራሙ ስንት እንደሆነ የለም። ሎግ የለም። ሐኪም ጋ ገብተህ "አሞኛል" ብለህ ዝም ትላለህ? ቶምካት 10 ላይ ጭነኸው ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ከ10 ጀምሮ "ጃቫክስ ሰርቭሌት" የነበረው የፓኬጅ ስም "ጃካርታ ሰርቭሌት" ሆኗል። ለ9 የተጻፈ አፕ እንዳለ አይሄድበትም። 10.1 ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ጃቫ 11 ይፈልጋል። ሌላው፣ በሩት፣ ሁሉን በሚችለው አካውንት ነው የምታስነሣው? ቶምካቱ የሚሰማበት 8080 ፖርት ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው? ቶምካቱ የሚተዳደርበት የማኔጀሩ ገጽስ? ይህን ሁሉ ከፍቶ መተኛት ማለት የግቢውን በር በርግዶ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ታቦት ለመሸኘት መውጣት ነው።

ቤዛ፦
ጋሼ፣ የደኅንነቱ ነገር ልክ ነዎት። የጃካርታው ግን እዚህ አይመስለኝም። እሱ ቢሆን አፑ ከነጭራሹ አይነሣም ነበር፣ 404፣ "ገጹ የለም" የሚለውን ነበር የምናየው። ይሄ ሲሠራ ውሎ ነው የሚሞተው። ወንድሜ፣ 6 ሰዓት ስትል የቀኑ ነው የሌሊቱ? ሰርቨሩስ በየት አገር ሰዓት ነው የሚሄደው?

አዘዞ ኮደር፦
የሌሊቱ። ሰዓቱ እኔንም ግራ አጋብቶኛል። ሎጉ ላይ የመጨረሻው መስመር 21:03 ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ኡቡንቱ ነው፣ ቶምካት 9፣ ጃቫ 11። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤልም እዚያው ማሽን ላይ ነው። ፊት ለፊት ጥያቄውን ተቀብሎ ለቶምካት የሚያቀብል ኤንጂንኤክስ አለ። ራሙ 1 ጊጋ ነው። አንሶት እንዳይሆን ብዬ ኤክስኤምኤክሱን (የጃቫን የሜሞሪ ጣሪያ) 900 ሜጋ አድርጌለታለሁ።

የዐፄዎቹ ልጅ፦
አፄ ፋሲል ግንቡን ያለ ክላውድ ሠርተውት ይኸው 400 ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን ሪስታርት ተደርጎ አያውቅም።

ማራኪ ሰፈር፦
እድሳት ሪስታርት አይደለም እንዴ? 😂

አራዳ በር፦
እኔ ያልገባኝ፣ ስምንት ዘጠኝ ክፍል ላለው ቤት ጃቫ፣ ቶምካት፣ ክላውድ ምን ያደርጋል? አንድ ደብተርና ቴሌግራም ይበቃው ነበር። ዝንብ በመድፍ!

አዘዞ ኮደር፦
ክፍሉን የሚይዘው ዳያስፖራው ነው። እዚህ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቢሮ ቁጭ ብለው ነው የሚይዙት። እትዬ ተኝተው ስልኩን ማን ያነሣል?

ደምቢያ፦
ሪስታርት አድርገህ እየው እስቲ።

ቤዛ፦
ተገኘ መሰለኝ። 21:03 የሚለው ዩቲሲ፣ የዓለም መነሻ ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ስትጨምርበት 00:03 ይሆናል፣ በኛ ሌሊት 6 ሰዓት ከ3። የምትለው ሰዓትና ሎጉ አንድ ናቸው።

ገዳዩ 900ው ነው። ኤክስኤምኤክስ ራም አይጨምርም። ጃቫን "ሂፕህን (ዳታ የምታስቀምጥበትን ሜሞሪ) እስከዚህ ድረስ ማሳደግ ትችላለህ" ብለህ የምትፈቅድበት ነው። ከሂፑ ውጭ ደግሞ ለክላሶቹና ለትሬዶቹ ሌላ ይወስዳል። በዚያ ላይ ማይኤስኪውኤል አለ፣ ራሱ ኡቡንቱ አለ። ድምሩ ከ1 ጊጋ ሲያልፍ ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) ማሽኑን ለማዳን ብሎ ብዙ የበላውን ፈልጎ ይገድላል። ያንተ ቶምካት ማለት ነው። ኩባንያው ምንም አላደረገህም።

ማረጋገጥ ከፈለግክ፣ ካታሊና ሎጉ (የቶምካቱ ሎግ) ላይ "ጃቫ ሂፕ ስፔስ" የሚል ስህተት ካለ ሂፑ ነው የሞላው። ምንም ሳይናገር ድንገት ከተቆረጠ ግን ከርነሉን ጠርጥር። በሱዱ "ዲሜሴጅ" ብለህ የከርነሉን መልእክት እይ። ትልቁን ቲ ጨምርበት፣ ሰዓቱን በሚነበብ መልክ ያወጣልሃል። "አውት ኦፍ ሜሞሪ፣ ኪልድ ፕሮሰስ" የሚል መስመር ፈልግ። ደግሞ 21:00 ላይ የሚነሣ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚጀምር ሥራ) አለህ?

አዘዞ ኮደር፦
ኧረ ጉድ! አለ። "ኪልድ ፕሮሰስ" ይላል፣ ከጎኑ ጃቫ። ሦስት ሌሊት፣ ሦስት መስመር። ክሮኑም አለ! የቀኑን ሒሳብ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ሌላ የጃቫ ፕሮግራም ነው። ጓደኛዬ ነው ሰሞኑን ያስገባልኝ። 21 የሚለውን አይቼ የማታ 3 ሰዓት መስሎኝ ነበር።

ቤዛ፦
በል እንግዲህ። ያ ፕሮግራም ራሱን የቻለ ሌላ ጃቫ ነው። ገደብ ካልሰጠኸው የማሽኑን ሩብ ለሂፕ ሊወስድ ይችላል፣ 256 ሜጋ ገደማ። ልክ ዲሲዎቹ ክፍል ሲይዙ ነው የሚነሣው።

ክላውድ ነጋዴ፦
ምን ያስለፋል? 2 ጊጋ ወዳለው ማሽን ቀይረው፣ አለቀ።

አዘዞ ኮደር፦
ካርዱ ዲሲ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። አካውንቱም በሱ ስም ነው። አሁን እዚያ ሌሊት ነው፣ ስልክ አያነሣም። ባለፈው ወርም በልመና ነው የከፈለልኝ።

ቤዛ፦
እሺ፣ እስኪነቃ ባለህ እንሥራ። ኤክስኤምኤክሱን 384 አድርገው። ካታሊና ፋይሉን አትነካካ፣ ቢን ፎልደር ውስጥ "ሴትኤንቭ" የሚል ፋይል ፈጥረህ እዚያ ጻፈው። ለሪፖርቱም 128 ስጠው። ክሮኑን ወደ 01:00 አዙረው፣ በኛ ሌሊት 10 ሰዓት ይሆናል፣ ሒሳቡ እትዬ ሳይነሡ ይደርሳል። ከዚያ 2 ጊጋ ስዋፕ ፋይል፣ ራም ሲሞላ ዲስኩ ላይ የሚያግዝ ማለት ነው፣ ፍጠር። ፈቃዱን 600 አድርገው፣ "ኤምኬስዋፕ" በለው፣ "ስዋፕኦን" በለው። ማሽኑ ሲነሣ የሚያነበው ኤፍኤስታብ ፋይል ላይ መጻፍ እንዳትረሳ፣ አለዚያ ማሽኑ ሲነሣ ስዋፑ የለም። ቶምካቱን ከኢንተርኔት አውርደህ በእጅህ ነው የምታስነሣው አይደል? ሲስተምዲ ሰርቪስ አድርገው፣ ኡቡንቱ ራሱ ያስነሣዋል። "ሪስታርት" የሚለው ጋ "ኦን ፌይለር" በል። ቢገደል እንኳ ራሱ ይነሣል።

ደምቢያ፦
እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩ? ሪስታርት!

ጋሼ ተርሚናል፦
ስዋፕ በሽታ መደበቂያ ነው። ዲስክ እንደ ራም አይሮጥም፣ አፑ ይንቀራፈፍበታል። መድኃኒቱ ራም ነው።

ቤዛ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ጥምቀት እስኪያልፍ ይደብቅልን።

ጋሼ ተርሚናል፦
ይደብቅልህ እንግዲህ። 8080ን ግን ዛሬውኑ ዝጋው። ኤንጂንኤክስ ፊት ካለ 80 እና 443 ይበቃሃል። የማኔጀሩን ገጽ የማትጠቀምበት ከሆነ አጥፋው።

አዘዞ ኮደር፦
ሁላችሁም ኑሩልኝ። እየሠራሁ ነው። ስዋፑ ገባ። ሰርቪሱ ፋይል ላይ የሆነ ነገር ተሳስቼ አልነሣ ብሎኛል፣ ጃቫ የት እንዳለ የሚነግረው "ጃቫ ሆም" ጎድሎኝ ነው መሰለኝ። እትዬ ደግሞ ደወሉ፣ መጣሁ።

ማራኪ ሰፈር፦
እሺ ምን ሆነ? ተነሣ?

አራዳ በር፦
ከጠፋ ሠርቶለታል ማለት ነው። የቸገረው ሰው ብቻ ነው ተመልሶ የሚጽፍ።

ክላውድ ነጋዴ፦
ወይ እትዬ በልተውታል።

የዐፄዎቹ ልጅ፦
አሁን ሌሊት 6 ሰዓት ከ20 ነው። እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ሳይቱን ከፈትኩት፣ ሊንኩን ፕሮፋይሉ ላይ አስቀምጦታል። ትንሽ አሰበ እንጂ ተከፈተ። ለከተራ ክፍል ስጠይቀው ግን ሁሉም ተይዟል ይለኛል። ለአጎቴ ልጅ አንድ አልጋ ያለው ቤት የምታውቁ አላችሁ?