ከ400 ሜትር ዋና ወደ 113 ኪሎ ሜትር፦ ጅማ ሆኜ ለመጀመሪያው ረጅም ትራያትሎን እንዴት ልዘጋጅ?

መምህር፣ ጅማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። 36 ዓመቴ ነው፣ ጅማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሩጫ ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነው፤ ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገብቻለሁ። ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። አምና አሮጌ ኮርስ ብስክሌት ገዝቼ እሁድ እሁድ ሰርቦ ደርሼ እመለሳለሁ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዋና የተማርኩት ግን በ34 ዓመቴ፣ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነው።

ልቤ ያረፈው ረጅሙ ትራያትሎን ላይ ነው፦ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። 11 ወር አለኝ። ችግሬ ይኸውና፦ 400 ሜትር ከዋኘሁ በኋላ ጠርዙን ይዤ አለከልካለሁ፤ ሩጫ ላይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ገንዳው 20 ሜትር ብቻ ነው፤ ጓደኞቼ ቦዬ ረግረግ ወይም ግልገል ጊቤ ግድብ ሄደህ ተለማመድ ይሉኛል። ረመዳን ደግሞ ልምምዱ መሃል ይገባል፣ እጾማለሁ። የስፖርት ጄል የሚባለውን፣ በውድድር መሃል የሚዋጠውን ወፍራም ስኳራማ ፈሳሽም እዚህ አላገኘሁም፤ በሶና ማር ይበቃኛል? የምታውቁ ንገሩኝ።

የዋና አሰልጣኝ፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ ግማሽ ማራቶን በዚያ ሰዓት የገባ ሰው 400 ሜትር ላይ የሚያለከልከው ጉልበት አንሶት አይደለም። አዋቂ ሆነው ዋና የተማሩ ብዙዎች የሚያደርጉትን እያደረግህ ይመስለኛል፦ ትንፋሽህን ውሃ ውስጥ አፍነህ ትይዝና ፊትህን ስታወጣ በዚያች ቅጽበት ማስወጣቱንም መሳቡንም ለማድረስ ትሞክራለህ። ጊዜው አይበቃም። ፊትህ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ በአፍና በአፍንጫህ ሳታቋርጥ አረፋ አውጣ። ወደ ጎን ስትዞር የሚቀርህ መሳብ ብቻ ይሁን። ይህን መጀመሪያ ቆመህ፣ የገንዳውን ጠርዝ ይዘህ፣ 50 ጊዜ ተለማመደው። አሰልቺ ነው፣ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሁለተኛው ጭንቅላትህ ነው። ወደ ፊት ለማየት ቀና ባልህ ቁጥር ወገብህና እግርህ ይሰምጣሉ፤ ያኔ ሰውነትህ ራሱ ውሃውን ይገፋል። የገንዳውን ወለል እይ። ሯጮች ደግሞ ቁርጭምጭሚታችሁ አይተጣጠፍም፤ እግር ስትመቱ ፔዳል እንደምትረግጡ ከጉልበታችሁ ታጥፋላችሁ። ከዳሌህ ጀምረህ፣ ጣቶችህን ዘርግተህ፣ በቀስታ ምታ። በረጅም ርቀት እግር ሚዛን መጠበቂያ ነው፤ ጉልበቱን ለብስክሌቱ አስቀምጥለት።

ለ6 ሳምንት 400 ሜትሩን ሳታርፍ መዋኘት ተው። በሳምንት 3 ቀን 40 ሜትር ዋኝ፣ 20 ሴኮንድ እረፍ፣ 15 ጊዜ ደጋግም። ሲቀልህ 80፣ ቀጥሎ 160 አድርገው። 20 ሜትር ገንዳ አይናቅም፤ 1.9 ኪሎ ሜትር በእሱ 95 ርዝመት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በየጫፉ ግድግዳውን ገፍተህ ስለምትነሳ ገንዳ ከሐይቅ ይቀላል። አንዳንድ ቀን ግድግዳውን ሳትነካ ዞረህ ተመለስ።

ነርስ፣ አጋሮ

መምህር፣ ቦዬና ግድቡን እርሳቸው። ሁለቱም ጋ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ባለበት ውሃ ለዋና አይገባም። ከጉማሬው ሌላ ቢልሃርዚያ አለ፤ በእኛ አካባቢ ወንዞችና ረግረጎች የሚገኝ በሽታ ነው። ተሕዋሱ ከውሃ ቀንድ አውጣ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስል እንኳ አያስፈልገውም። እስካሁን ገብተህ ከነበረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተህ ጤና ጣቢያ ሂድና የሰገራ ምርመራ አድርግ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በክብደትህ ልክ ይሰጥሃል።

ሌላ የምለምንህ ነገር፦ በውድድር ቀን ለሕመም ብለህ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳትውጥ። ሰውነትህ ውሃ ባጠረው ሰዓት ኩላሊት ይጎዳሉ። ባዶ ውሃም ከመጠን በላይ አትጠጣ፤ በደምህ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ሲብስ ደግሞ ራስን መሳት ያመጣል።

የዋና አሰልጣኝ፣ ሐዋሳ

ነርስ ትክክል ነው። የሐይቅ ልምምድ ግን መቅረት የለበትም፤ ከውድድሩ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ላንጋኖ ሂድ። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ክንድህን እንኳ በደንብ አታይም፤ ለዚያ ነው የሚጠቅምህ። ብቻህን አትግባ፣ ጀልባ ያለው ሰው ቀጥር፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝ። በየ8 ምቱ ዓይንህን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ አድርገህ አንድ ዛፍ ወይም ቤት ለይና አቅጣጫህን አስተካክል።

ሩባቩ የጨረሰች፣ አዲስ አበባ

እኔ ግማሹን ርቀት ሩዋንዳ፣ ሩባቩ፣ ኪቩ ሐይቅ ላይ ጨርሻለሁ፦ 1.9 ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ፣ በድምሩ 113 ኪሎ ሜትር። ሙሉውን ተወው አልልህም፤ አትጀምርበት ነው የምልህ። ዋናን የምትፈራ ሰው 3.8 ኪሎ ሜትርን የመጀመሪያ ፈተናህ አታድርገው።

አንተ የሒሳብ መምህር ነህ፣ አስላው። በግማሹ ርቀት ለዋናው የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ 100 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ቀስ ብሎ የሚዋኝ ሰው ይደርስበታል። ለጠቅላላው 8 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ሲደክምህ የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ጀልባ ይዘህ ማረፍ ይፈቀዳል፣ ወደ ፊት እስካልገፋህበት ድረስ። ይህን ሳውቅ ግማሹ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

የከሰርኩት ብስክሌቱ ላይ ነው። 52ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎማዬ ተነፈሰ፤ ጎማ የሚቀይርልኝ ሁሌም ጎሚስታ ስለነበር 25 ደቂቃ መንገድ ዳር ተቀምጬ ታገልኩ፣ አለቀስኩም። ከዳር የቆመ ሰው ሊረዳህ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቤትህ ውስጥ የኋላውን ጎማ 10 ጊዜ ፍታና ግጠም። ሌሎች ሕጎችም አሉ፦ ብስክሌቱን ከመንካትህ በፊት የሄልሜትህ ማሰሪያ መቆለፍ አለበት፤ ከፊትህ ካለው ብስክሌት 12 ሜትር ያህል ርቀህ ትነዳለህ፣ ነፋስ መከለል ያስቀጣል። አንድ ደስ የሚል ነገርም ልንገርህ፦ ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ኪቩ 1,460 ነው። ትንፋሽህ እዚያ ይቀልሃል፤ ዳገቱ ግን አለ።

ሙሉውን የጨረሰ፣ ናይሮቢ

ከእህቴ ትንሽ እለያለሁ። እኔ በቀጥታ ሙሉውን ገብቼ በ15 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጨርሻለሁ፤ ገደቡ አብዛኛው ቦታ 17 ሰዓት ነው። ግን ዋና ከልጅነቴ እችል ነበር፣ በሳምንትም 13 ሰዓት እለማመድ ነበር። ጥያቄው ያን ያህል ጊዜ አለህ ወይ ነው። ከማስተማር ጋር ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከሆነ የምታገኘው፣ ግማሹን ያዝ።

ስለ ምግብ ግን ከልቤ ስማኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ 15 ሰዎች ጀምረው 12 ጨረሱ። ወደ ማራቶኑ እየመራ የገባው ጆን ደንባር ውሃ አለቀበት፤ ረዳቶቹ የነበራቸውን ቢራ ሰጡትና በጎርደን ሃለር ተቀደመ። ሃለር የገባው በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ነው። እግር ይዞህ ሆድ ሊጥልህ ይችላል።

ብስክሌቱ ላይ በየሰዓቱ ቢያንስ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ስኳርና ስታርች) ያስፈልግሃል። የጅማ ማር እያለህ ጄል አትፈልግ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለተቀላቀሉበትም አንጀት በሁለት መንገድ ይቀበለዋል። በ750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ውስጥ 3 ማንኪያ ማር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሎሚ ጨምቅበት፤ ላዩ ላይ አንድ ሙዝ። በሶ ጥሩ ነው፣ ግን ከውድድሩ 3 ሰዓት በፊት ለቁርስ። ገለባ ስላለው ሩጫ ላይ ሆድ ያስጨንቃል። በ20 ደቂቃ አንዴ፣ ሳይርብህ ብላ፤ በየእሁዱ ልምምድ ሞክረው እንጂ በውድድር ቀን አዲስ ነገር አትቅመስ።

ብስክሌተኛ፣ መቀሌ

የጅማ ሰው ታድለሃል፤ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደርሶ መልሱ ልክ የውድድሩ 90 ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ለአይሱዙዎቹ ተውላቸው። ንጋት 12 ሰዓት ተነሳ፣ የኋላ መብራት ይኑርህ፣ ክረምት ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ፍሬንህን ቀድመህ ያዝ፤ እርጥብ ጎማ ቶሎ አይቆምም።

አሁን ካለህበት 40 በየሳምንቱ 5 ኪሎ ሜትር ጨምር፣ በ4ኛው ሳምንት ቀንስና እረፍ። ከብስክሌት ስትወርድ ወዲያው ጫማ ቀይረህ 20 ደቂቃ ሩጥ። መጀመሪያ እግርህ የሌላ ሰው ይመስልሃል፣ ከ4 ወይም 5 ጊዜ በኋላ ይለምዳል። ፍጥነትህን ደግሞ በአፍህ ለካው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልህ ፈጥነሃል፣ ማርሽ አቅልል። ጥሩ ሯጮች ብስክሌቱ ላይ ይሮጡና ሩጫው ላይ ይራመዳሉ፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ጾመኛ ሯጭ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። 6 ረመዳን እየሮጥኩ ጾሜአለሁ። በዚያ ወር አቅም አይጨመርም፣ ይጠበቃል። ከኢፍጣር በፊት 45 ደቂቃ ቀላል ብስክሌት ወይም ሩጫ፣ አዛን ሲል ቤትህ ደጃፍ እንድትሆን አስልተህ። ጠንከር ያለውን ከኢፍጣር በኋላ፣ መጀመሪያ በቴምርና ሾርባ ብቻ አፍጥረህ፣ በሳምንት 2 ቀን። ሱሑር አትዝለል፤ ገንፎ ወይም ጭኮ ብላ፣ ውሃውን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር አከፋፍለህ ጠጣ። ዋና ላይ ውሃ መዋጥ ስለማይቀር እኔ በቀን አልዋኝም፤ የአንተን ኢማም ጠይቅ። ረጅሙን የ90 ኪሎ ሜትር ጉዞ ለሸዋል፣ ከረመዳን ቀጥሎ ላለው ወር አቆየው።

መምህር፣ ጅማ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነው የምጽፈው። ግማሹን ርቀት ወስኛለሁ። አረፋ ማውጣቱን በየቀኑ ሠራሁ፤ ትናንት 80 ሜትሩን 10 ጊዜ ዋኘሁ፣ አላለከለክሁም። የኋላውን ጎማ መጀመሪያ ቀን በ31 ደቂቃ፣ ዛሬ በ9 ደቂቃ ቀየርኩ። የሰገራ ምርመራውንም ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ባለፈው ወር ወንዝ ገብቼ ነበርና። አንድ የቀረኝ፦ በመጪው እሁድ የአጋሮን መንገድ እስከ መሃሉ ልሞክር አስቤአለሁ፣ ግን ብቻዬን ነኝ።

ነርስ፣ አጋሮ

ብቻህን አትሆንም። እኔም ማውንቴን ብስክሌት አለኝ፣ እሁድ ተረኛ አይደለሁም። አንተ ከጅማ 12 ሰዓት ተነስ፣ እኔም ከአጋሮ 12 ሰዓት እነሳለሁ፤ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ማንፊያና የማሩን ኮዳ ይዘህ ና። ሙዙን እኔ አመጣለሁ።