ክርክር፦ ልጅ የትምህርት ድጋፍ እንዲያገኝ የሐኪም ወረቀት ሊጠየቅ ይገባል?

አወያይ፦ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ፣ በአንቀጽ 24 ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ፍላጎቱ ድጋፍ እንዲደረግለት ደንግጓል። የምንከራከረው በበሩ ላይ ነው፤ ልጁ በሚማርበት አካባቢ ይህን ድጋፍ ለማግኘት አስቀድሞ ተመርምሮ የጉዳቱ ስም በወረቀት መረጋገጥ አለበት ወይስ መምህሩና ወላጁ ያዩት ይበቃል?

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ እኔ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ማንበብ ላቃተው ልጅ ፊደልን ከድምፅ ጋር እንዲያዛምድ የምንሰጠው ተጨማሪ ልምምድ፣ ዲስሌክሲያ (የንባብ ችግር) የሚል ስም ኖረውም አልኖረውም ያው ነው። ወረቀቱ እስኪመጣ ዓመት ብንጠብቅ ግን ልጁ ያን ዓመት «ሰነፍ» እየተባለ ይገፋዋል። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ አንድ ልጅ የመማር ችግር አለበት የሚባለው፣ በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ባገኘው ውጤትና በትምህርቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ሲታይ ነበር። ልዩነቱ እስኪሰፋ ደግሞ ልጁ መውደቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ፣ ክፍላተ ግዛቶች ይህን የልዩነት መለኪያ ግዴታ እንዳያደርጉ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ አባት፦ መምህርት፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ልጄ አራት ዓመት ሞልቶት ሳይናገር ሲቀር፣ የሄድኩበት ሁሉ «ታገሥ፣ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይለኝ ነበር። እኔና እናቱ ያየነውን የሰማ አልነበረም። የምርመራውን ውጤት ይዤ ስመለስ ግን ያው ሰው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። መምህሩ እንደ እርስዎ ያለ አስተዋይ ሲሆን ወረቀት ትርፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ ሲቀየር ግን የገባልኝ ቃል አብሮት ይሄዳል፣ በእጄ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

የመስማት ምርመራ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ምርመራንና ወረቀትን እንደ አንድ ነገር ቆጠራችሁት፤ ሁለቱን መለየት ያለብን ይመስለኛል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም ስለማይኖር ቤተሰብ አይጠረጥርም። ከዚህም የሚከፋው፣ መስማታቸው ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ዛሬ የተጠራበትን የሰማ ልጅ በማግሥቱ ጉንፋን ሲይዘው ላይሰማ ይችላል። መምህሩ ደግሞ ትናንት እንደሰማ ስለሚያውቅ «ሲፈልግ ይሰማል» ብሎ እንቢተኛ ያደርገዋል። መምህርት የጠቀሱትን የንባብ ልምምድ ለዚህ ልጅ ብንሰጠው፣ መልካም ድጋፍ ለተሳሳተ ችግር እንሰጣለን፤ ድምፆቹን በቅጡ ሳይሰማ እንዴት ከፊደል ጋር ያዛምዳቸዋል? ስለዚህ የጆሮና የዓይን ምርመራ ለሁሉም ልጅ በጊዜው ይደረግ እላለሁ፤ የድጋፍ መግቢያ ትኬት ግን አይሁን።

ጡረታ የወጣ የትምህርት አስተዳዳሪ፦ የታሪኩን ጎን ልጨምር፤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በእንግሊዝ የ1944ቱ ሕግ ልጆችን በጉዳት ዓይነት ይመድብ ነበር፤ «ሊማሩ አይችሉም» የተባሉት ደግሞ ከትምህርት ወጥተው ለጤና ባለሥልጣናት ይተዉ ነበር። ይህን ያስቀረው የ1970ው ሕግ ነው። እንግዲህ ከትምህርት ያስወጣቸውም ወረቀት እንደነበር አንርሳ። በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ በ1978 ባቀረበው ሪፖርት ምደባው ቀርቶ የልጁ ፍላጎት እንዲታይ አሳሰበ፤ ከአምስት ልጆች አንዱ በትምህርት ዘመኑ በሆነ ወቅት ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችልም ገመተ። ነገር ግን ዋርኖክ ራሳቸው በ2005 ተመልሰው፣ በጣም የተለያዩ ልጆችን «ልዩ ፍላጎት» በሚል አንድ ስም መጠቅለሉ ስሕተት እንደነበር ተናገሩ። ጣሊያንም አለች፤ በ1977 ልዩ ክፍሎችን አስቀርታ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል ብታስገባም፣ ድጋፍ ሰጪ መምህር የሚመደበው ዛሬም የጤና ማረጋገጫ ሲቀርብ ነው። አካቶ ትምህርትን መደገፍና ወረቀትን መቃወም የግድ አብረው አይሄዱም ማለት ነው።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ የጆሮውን ጉዳይ እቀበላለሁ፤ በእኔም ክፍል ሳይደርስ አልቀረም። ወረቀቱ ግን ለማን እንደሚደርስ እንይ። የንግግርና የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አካባቢ ቶሎ የሚያገኘው በግል ከፍሎ የሚያስመረምረው ወላጅ ነው። ድጋፉን በወረቀት ብቻ ካደልነው የክፍሉን በጀት የሚወስደው የባሰበት ልጅ ሳይሆን አቅም ያለው ልጅ ይሆናል።

የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ አባት፦ ወረቀቱ ቢቀርስ? ያን ጊዜ የሚያገኘው መናገር የሚችልና ቢሮ ለቢሮ መመላለስ የማይታክተው ወላጅ ነው። እኔ ከእነዚህ አንዱ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ የእኔን ያህል ያልጮኸች እናት ልጇን ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ እውነት ነው። እንግዲያው ሐሳቤን ላስተካክል። ክፍል ውስጥ ለሚሰጠው ድጋፍ፣ ማለትም ለተጨማሪ ልምምድ፣ ለመቀመጫ ለውጥ፣ ለፈተና ጊዜ ጭማሪ ምንም ማረጋገጫ አይጠየቅ። መምህሩ ያየውን፣ የሚያደርገውንና ውጤቱ የሚታይበትን ቀን ጽፎ፣ ከወላጅ ጋር ይፈራረሙበት። ቋሚ ረዳት ወይም የመስሚያ መሣሪያ ሲያስፈልግ ግን የባለሙያ ምርመራ ይጠየቅ፤ ምርመራው እስኪደርስም የተጀመረው አይቋረጥ።

የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ አባት፦ ፊርማ ካለበት ለእኔ ያው ወረቀት ነው፣ አልቃወመውም። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ በተባለው ቀን ምንም ሳይደረግ ቢቀር አቤቱታዬን የማቀርበው ለማን ነው? ለፈረመው መምህር ከሆነ አልተስማማንም።