የመንዙ ክብ ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ ወይስ ይጠገን?

የክርክሩ መነሻ፦ በመንዝ የአንዲት ገጠር አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ፣ የሚያፈሰውንና ምእመናኑን አልበቃ ያለውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሰፊ ሕንጻ ለማነጽ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል።

የደብሩ አገልጋይ፦ ወንድሞቼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር በቅኔ ማኅሌቱ ውኃ እየተንጠባጠበብን ነው የምናገለግለው፤ በንግሥ ዕለትም አብዛኛው ሕዝብ ደጅ ይቀራል። ደብረ ሊባኖስ እንኳ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ መልክ ታንጿል፤ ቅድስናው አልጎደለም።

የግንባታ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን፦ አባቴ፣ የሚያፈሰው ጣሪያው ሆኖ ሳለ ስለምን ግድግዳው ይፈርሳል? ያየሁት ጉዳት የሳር ክዳኑ በቆርቆሮ ከተተካ በኋላ የመጣ ነው፤ የዛገው ምስማር ቀዳዳውን እያሰፋ ውኃ ያስገባል፣ በመንዝ ብርድ ደግሞ የቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ሌሊት ጤዛ ቋጥሮ በመቅደሱ ሥዕሎች ላይ ያንጠባጥባል። በጭቃ የተያያዘውን የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ መለሰኑም አይበጅም፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን መውጫ ስለሚያሳጣው ውስጡ ይበሰብሳል።

ከአዲስ አበባ፣ የአጥቢያው ተወላጅ፦ ሥዕሎቹ በአቡጀዲ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጨርቁ ተነሥቶ በአዲሱ ሕንጻ ቢለጠፍ ሁለቱም ወገን ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

ሠዓሊ፣ ከአንኮበር፦ እኔ አልስማማም። ጨርቁ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ስለኖረ በጥንቃቄ ካልተላቀቀ ቀለሙ ይረግፋል። ከዚያም በላይ ሥዕሉ የተሠራው በክቡ ቤት መካከል ላለው ለአራት ማዕዘኑ መቅደስ ነው፤ ሰይፍ የመዘዙት ሊቃነ መላእክት የመቅደሱን በር ግራና ቀኝ የሚጠብቁት ምእመኑ በቅድስት፣ ማለትም መቅደሱን በሚከበው መካከለኛ ክፍል፣ ሲቆም ፊት ለፊት እንዲያያቸው ነው። ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን በጎን በአንድ ዓይን መሣላቸውን፣ ሥዕሉን ያሠራውም ሰው ከቅዱሱ እግር ሥር መደፋቱን ልጆቻችን ቆመው የሚማሩት እዚያው ነው። በሰፊ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲበታተን ግን ትምህርቱ ይቋረጣል።

የደብሩ አገልጋይ፦ ታቦቱ ወደ አዲሱ ቢገባና አሮጌው ባለበት ቢቆይስ?

የግንባታ ባለሙያ፦ አገልግሎት የተቋረጠበት ቤት ጠጋኝ ያጣል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ለንግሥ ሕዝብ በቅጽሩ ውስጥ መጠለያ መሥራት ይሻላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የቆርቆሮው ጉዳይ ይፈታ።

የመንዝ ሽማግሌ፦ ጓሳ የሚባለው የክዳን ሳር እያለን የምን ቆርቆሮ ነው? አባቶቻችን ሳሩን ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት እየጠበቁ፣ ጊዜው ሲደርስ እያጨዱ ቤታቸውን ይከድኑበት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቀርም ጥብቅ ሥፍራው ዛሬም በማኅበረሰቡ እጅ ነው። የሚያስፈልገው ክዳን አዋቂ ነው፤ ሙያውን የሚያውቁት እያረጁ ስለሆነ ወጣቶቹ አሁኑኑ ከእነሱ ሥር ሆነው እንዲማሩ ይመደቡ።

ሠዓሊ፦ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰበካ ጉባኤው ይወቅ። የተሰበሰበው ገንዘብ ለክዳኑ ይዋል፤ ባለሙያ እስኪመጣም ሥዕሎቹን ማንም በውኃ አይጠብ፣ በአዲስ ቀለምም አይደርብ።