ኮርኒሱ ራሴ ላይ ወረደ! ፖል ዳንስ ቤት ውስጥ እንዴት ይጀመራል?

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ 27 ዓመቴ ነው። ላለፉት አምስት ወራት የፖል ዳንስ ቪዲዮ እያየሁ አመሻለሁ። የቆመ ብረት ይዞ መዞር፣ መውጣት፣ ላዩ ላይ መቀመጥ። እዚህ የሚያስተምር ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ራሴ ቤት ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ።

የተከራየሁት ሰርቪስ ቤት ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የቺፕውድ ኮርኒስ። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የውሃ ቱቦ ገዝቼ በ2 ሜትር ከ40 አስቆረጥኩት። ሁለቱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ከወለሉና ከኮርኒሱ መሀል በግድ አስገባሁት። ነቅነቅ ሳደርገው ጠንካራ መሰለኝ። እሑድ ጠዋት ማዘር (አከራዬ ናቸው) ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠበቅኩና አንድ ዙር ዞርኩ። ደስ ሲል! ሁለተኛው ላይ ከላይ "ቀጭ" አለ። ቺፕውዱ ተሰነጠቀና የስንት ዓመት አቧራ፣ የአይጥ ኩስ፣ አንድ የልጅ ኳስም ጭምር ራሴ ላይ ወረደ። ቱቦው ቁም ሳጥኑን ገጭቶ ወደቀ። እኔ በዳሌዬ አረፍኩ። ማዘር ሲመለሱ "መጋረጃ ልሰቅል ነበር" አልኳቸው። እስካሁን ያመኑኝ አይመስለኝም።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብረቱን ማቆም ይቻላል ወይ? ምን ዓይነት ብረትስ ልግዛ? እኔ ደግሞ ፑሽ አፕ አንድም አልሠራም። ከምን ልጀምር?

ብየዳው፣ ፍኖተ ሰላም

እንኳን አተረፈሽ እህቴ። ኮርኒስ እኮ ጣሪያ አይደለም፤ አቧራ መያዣ ነው። በሚስማር ከሞራሌ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሰው አይሸከምም።

ለቤት ተብለው የሚሸጡት ፖሎች የሚቆሙት በግፊት ነው። ብሎኑን ስታዞሪው ብረቱ እየረዘመ ወለሉንና ጣሪያውን ይገፋል። ስለዚህ ከላይ ያለው ነገር የማይነቃነቅ መሆን አለበት፦ የኮንክሪት ሶሌታ (ጠፍጣፋው የሲሚንቶ ጣሪያ) ወይም ቢም (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ)። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ሶሌታው በብሎኬት የተሞላ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልሽ ምቺው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ትተሽ ቢሙ ያለበትን ፈልጊ። የአንቺ ቤት ግን አይሆንም፤ ዝም ብለሽ ገንዘብ አታውጪ።

ስለ ብረቱ። መደበኛው የፖል ውፍረት 45 ሚሊሜትር ነው። እኛ ገበያ "አንድ ተኩል ኢንች" የሚባለው የውሃ ቱቦ ከውጭ ሲለካ 48 ሚሊ ይሆናል። "አንድ ከሩብ" የሚባለው ደግሞ 42 ሚሊ አካባቢ ነው። ኢንቹ ስሙ እንጂ የውጭ ልኩ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እጅሽ ትንሽ ከሆነ 42ቱ ይመችሻል። ጋልቫናይዝዱ (በዚንክ የተለበጠው የውሃ ቱቦ) ግን ላዩ ይሻክራል፣ እንባ የመሰለ የዚንክ ጠብታም አለበት፤ ጭንሽን ይልጠዋል። ስቴንለስ ይሻላል። ለደረጃ ሀንድሬል የሚሸጠውን ስስ ስቴንለስ ግን እንዳትገዢ፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ይጎብጣል። ሁለት ቁራጭ ገጥሜ ልበይድልሽ የሚል ባለሙያ ካገኘሽም እሺ አትበዪ። አንድ ወጥ ይሁን።

የአያቴ ልጅ

ገጠር ያለው የአያቴ ጎጆ ቤት መሀሉ ላይ ምሰሶ አለው። እሱስ አይሆንም? 😂

ብየዳው፣ ፍኖተ ሰላም

አይሆንም። አንደኛ በእጅ አይጨበጥም፤ ሁለተኛ እሾህ አለው፤ ሦስተኛ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው። አያትህ ካዩህ ደግሞ አራተኛውን ይነግሩሃል።

ሰርከስ ነበርኩ

የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ልጅ ሆኜ ሰርከስ ሠርቻለሁ፤ ብረት ላይ መውጣትን የተማርኩት እዚያ ነው።

እናቴ፣ ችግርሽ ብረቱ ብቻ አይደለም። ፑሽ አፕ የማይሠራ ትከሻ ሙሉ ክብደትሽን በአንድ እጅ ሲይዝ ይጎዳል። እኛ ጎጃሜዎች ደግሞ እስክስታ ስለምንችል ትከሻችን ጠንካራ ይመስለናል። መንቀጥቀጥና መሸከም ይለያያል! የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ወራት ያለ ብረት ሥሪ። ፑሽ አፕ በጉልበትሽ ተንበርክከሽ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፈሽ ሰውነትሽን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ እግር ማንሳት። ግቢው ውስጥ ወፍራም ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ካለ ተንጠልጠይ። ዝም ብለሽ እንደ ጆንያ አይደለም። ትከሻሽን ከጆሮሽ አርቀሽ ወደ ታች ሳቢና ያዢው። አስር ሰከንድ ከቻልሽ ጥሩ ነው። ፖል ላይ እግርሽ ከመሬት ከመነሳቱ በፊት የምታደርጊው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ትከሻ ይሳባል፣ ከዚያ እግር ይነሳል። ቪዲዮ ላይ ይቺ አትታይም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እግሩን ነው።

ፖል ስታገኚ የማይሽከረከረው ይሁን። በራሱ የሚሽከረከር አለ፤ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ ግን ያፈጥንሽና መቆሚያው ይጠፋብሻል፣ ራስሽንም ያዞርሻል። መጀመሪያ ዙሪያውን መሄድ ብቻ። አንድ እጅ ከራስ በላይ ይዞ፣ ዳሌን ወደ ውጭ ጥሎ፣ በእግር ጣት መራመድ። ከዚያ "ፋየርማን" የሚባለው ዙር ይመጣል። የላይኛው እጅ ከራስ በላይ፣ የታችኛው ደረት አካባቢ፣ ሁለቱ ጉልበቶች ብረቱን ጨብጠው እየዞርሽ ትወርጃለሽ። ቀጥሎ መቀመጥ፦ ብረቱን በሁለት ጭን መሀል ቆንጥጠሽ እጅሽን መልቀቅ። ያቃጥላል፤ አልዋሽሽም። የመጀመሪያው ሳምንት ጭንሽ ይበልዛል፣ ስትወጪ ደግሞ የእግርሽ ጀርባ ይላጣል። ቆዳው ቀስ እያለ ይለምዳል።

መዘቅዘቁን ለጊዜው እርሺው። ሳትዘይ፣ በሆድሽ ጉልበት ብቻ ሁለቱን እግር ማንሳት እስክትችዪ ድረስ ራስሽን ወደ ታች አታድርጊ። ያኔም ጎንሽ ሰው ይኑር። የሠራሽውን ሁሉ በግራም በቀኝም ሥሪ። እኔ በቀኝ ብቻ ሠርቼ አንዱ ትከሻዬ ከሌላው ወፍሮ ቀረ፤ ልብስ ሰፊዬ ናት ያየችብኝ።

ዝም አልልም

ይቅርታ ግን ይሄ የጭፈራ ቤት ነገር አይደል እንዴ? ጎጃም ምን አገባው?

ሰርከስ ነበርኩ

የዛሬው ፖል ዳንስ የምዕራባውያን የራቁት ጭፈራ ቤቶች ውስጥ ማደጉ እውነት ነው። አንክደውም፤ ብዙዎቹን እንቅስቃሴዎች የፈጠሩት እዚያ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ሌላም ሥር አለው። ህንዶች ማላካምብ የሚሉት ስፖርት አላቸው፤ በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሠራ ጂምናስቲክ ነው። የሚገርመው እነሱ ምሰሶውን የጉሎ ዘይት ይቀቡታል፤ እኛ ደግሞ ጠብታ ቅባት አንፈልግም። ቻይናዎችም በሰርከስ ብረት ላይ ይወጣሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም አቀፍ ስፖርት ፌዴሬሽኖች ማኅበር ለፖል ስፖርት የታዛቢነት ዕውቅና ሰጥቶታል። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ኮርኒስ ነው። በሯ ዝግ ነው፣ አንተም አልተጋበዝክም።

ፊዚዮ፣ ማርቆስ

ስለ ዳሌሽ፦ ስትራመጂ የሚወጋሽ ከሆነ ወይም እግርሽ ከደነዘዘ ሄደሽ ታዪ። መበለዝ ብቻ ከሆነ ያልፋል።

እኔ የማየው ትልቁ ስህተት በየቀኑ መሥራት ነው። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ይዘገያል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት፤ በመሀል ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት። ከመጀመርሽ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነትሽን አሙቂ። እንደ እኛ ማርቆስ ብርድ ባለበት አገር ብረቱም መሞቅ አለበት፤ የቀዘቀዘ ብረት ቆዳ አይዝለትም። በጨርቅ እሽት እሽት ማድረግ ነው። ክርንሽ ከውስጥ በኩል መቆርጠም ከጀመረ ወይም ጣትሽ ከደነዘዘ አቁሚ፤ "ይለምዳል" የሚባለው ለቆዳ እንጂ ለነርቭ አይደለም።

ጾም ከሆነ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ ቆይተሽ ብረት ላይ አትውጪ። ከበላሽ በኋላ ሁለት ሰዓት ጠብቀሽ ሥሪ።

ቀበሌ 13

እኔም ባሕር ዳር ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የእኛ ጠላት ላብ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ከሰዓት በኋላ እጅ እንደ ዓሣ ያሙለጨልጫል። ጠዋት 12 ሰዓት ሥሪ። ከፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ በየመሀሉ ብረቱን ጥረጊው። የዚያን ቀን ሎሽን፣ ቫዝሊን ምንም አትቀቢ። ፀጉርሽን ቅቤ ከተቀባሽ ደግሞ ጭራሽ እርሺው! እኔ አንድ ቅዳሜ ሻሽ አስሬበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ቅቤው ቀልጦ በአንገቴ ወረደና ከወገብ ቁመት ላይ ቁልቁል ሸርተት። አጭር ቁምጣ ልበሺ፤ የሚይዘው ቆዳ ነው፣ ሱሪ ያንሸራትታል። ቀለበትና አምባር አውልቂ። ማተብሽን ከነመስቀሉ ከልብስሽ ውስጥ ክተቺው፤ የእኔ አንዴ አንገቴን ይዞኝ ነበር።

ፍራሽ ስትወጪ ከሥር ይኑር። ዙር ስትሠሪ ግን አንሺው፤ ስፖንጁ ላይ ቁርጭምጭሚት ይወለማል።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኮርኒሱን በራሴ ገንዘብ አሠራሁት። ቱቦውን ማዘር "ለመጋረጃ ይከብዳል" ብለው ወሰዱትና ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫ አቆሙበት። አሁን የማንጎው ዛፍ ላይ ነው የምንጠለጠለው፤ ስድስት ሰከንድ ደርሻለሁ። ተንበርክኬ ፑሽ አፕ ደግሞ አራት። አክስቴ ቤት ምድር ቤቱ ሶሌታ ነው፤ አንድ ክፍል ባዶ አላት፣ ፈቅዳልኛለች። ከሦስት ወር በኋላ እውነተኛውን ፖል ከውጭ የሚመጣ ሰው ያመጣልኛል። ብየዳው፣ ከማዘዜ በፊት የምትለው ነገር አለ?

ብየዳው፣ ፍኖተ ሰላም

ቁመቱን አንድ ቦታ ብቻ አትለኪ። ፖሉ በሚቆምበት አካባቢ ሦስት ቦታ ለኪ፤ ወለል ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ጣሪያው የተለሰነ ከሆነም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ቢሙ የቱ ጋ እንደሆነ አሳይሻለሁ።