የዕቅድ ውይይት፦ ያገለገሉ የብረት ብስክሌቶችን ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ (ባሕር ዳር)

ጸሐፊ
ለማኅበራችን ጉባኤ የሚቀርበው የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ይኸው። በመጀመሪያው ዙር ያገለገሉ 20 የብረት ብስክሌቶች እንገዛለን፤ 14ቱ ታድሰው ይሸጣሉ፣ 6ቱ ተፈታትተው ለመለዋወጫ ይውላሉ። ፊኒክስ፣ ሂሮና አትላስ ይቀድማሉ፤ ባለማርሽ የተራራ ዓይነትም ከተገኘ ይገዛል። ሐሳባችሁን ጨምሩ።

የጥገና ክፍል
14 እና 6 የሚለው ይውጣ። ስንቱ እንደሚታደስ የሚወስነው ቴላዮው (ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት የቱቦ አካል) እንጂ ጉባኤው አይደለም። ግዥ ላይ ለአንዱ ሩብ ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ ከመሪው ሥር የሚነሱትን ሁለት ቱቦዎች በጣት መዳሰስ ነው። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ቱቦው ካበጠ ከፊት ተጋጭቷል፤ ፎርኬላው (የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ) ቢቀናም ቱቦው አይመለስም። ቀጥሎ ክር ይወጠራል፦ ከመሪው ቱቦ ተነስቶ፣ የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን ዞሮ፣ በሌላው ጎን ይመለሳል። ከኮርቻው ቱቦ እስከ ክሩ ያለው ርቀት በሁለቱም ጎን ይለካ፤ ልዩነቱ ከ2 ሚ.ሜ ካለፈ ቴላዮው ጠሟል።

መጨረሻ ላይ የኮርቻውን ዘንግ አውጥቶ በባትሪ ወደ ውስጥ ማየት ነው። የክረምት ውኃ በዚያ በኩል ወርዶ የፔዳሉ አክስል ቤት ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ከላይ የሚያብረቀርቀው ከታች ተበልቶ ይገኛል። ዘንጉ ዝጎ አልወጣም ካለ ዋጋው ይቀነስ፤ ማላቀቁ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

ገንዘብ ያዥ
የተሰነጠቀውን በርካሽ ገዝተን ብናስበይደውስ?

የጥገና ክፍል
በኤሌክትሪክ ብየዳ አይሆንም። የእነ ሂሮ መጋጠሚያ በናስ የተያያዘ ነው፤ ናሱ ብየዳው ውስጥ ሲገባ መልሶ ይሰነጠቃል፣ ቱቦውም ስስ ስለሆነ ይበሳል። በጋዝ እሳትና በናስ የሚሠራ ባለሙያ ካገኘን ለቴላዮ ብቻ እንስማማ። የተሰነጠቀ ፎርኬላ ግን ለቁራሌው ነው። ሲሰበር ሰው በፊቱ ይደፋል።

የመለዋወጫ ክፍል
አሮጌያቸው ተመልሶ የማይገጠም፣ በአዲስ የሚተኩ ዕቃዎች በዕቅዱ ይጻፉ፦ የፍሬን ጎማ፣ የፍሬን ሽቦ፣ የኩሽኔታ ኳስ። ለአንድ ነጠላ ጥርስ (ማርሽ የሌለው) ብስክሌት በተለመደው አሠራር ባለ ¼ ኢንች 40 ኳስ (ለኋላው ሞዞ፣ ማለትም ለጎማው እምብርት 18፣ ለፔዳሉ አክስል 22) እና ለፊቱ ሞዞ ባለ 3/16 ኢንች 20 ያስፈልጋል። ቢሆንም ሲፈታ ይቆጠር። ሦስት አራት አዲስ ከአሮጌ ጋር መቀላቀል ትርፉ ኪሳራ ነው፤ አዲሱ ስለሚተልቅ ጭነቱን ብቻውን ይሸከምና ኳሶቹ የሚዞሩበትን ኩባያ ይቆፍራል።

ካቴና (ሰንሰለት) በመለኪያ እንጂ በዓይን አይፈረድ። ከፒን እስከ ፒን 24 ክፍል አዲስ ሲሆን 304.8 ሚ.ሜ ነው። 308 ከደረሰ ይጣል፤ ጥርሱም አብሮ ይታይ፣ ምክንያቱም በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ይዘላል።

ጎማ ስትገዙ «28» ብላችሁ አትዘዙ፤ ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። የእነ ሂሮ 28×1½ ልኩ (ጎማው ክብ ብረቱ ላይ የሚያርፍበት ስፋት በሚ.ሜ) 635 ነው፤ 28 እየተባለ የሚሸጠው ባለ 700 ግን 622፣ ማለትም 13 ሚ.ሜ ያንሳል፣ በጉልበትም አይገባም። በ26ም ያው ነው፦ 26×1⅜ ልኩ 590፣ የተራራው 559። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይጻፍ። ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት) ከመግዛታችን በፊትም የራጂ (ቸርኬውን ከሞዞው የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) ቀዳዳ ይቆጠር፤ በእነዚህ ብስክሌቶች ፊቱ 32፣ ኋላው 40 ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ሁለቱም 36።

የቀለም ክፍል
የዛገ ቸርኬና መሪ በአቼቶ አንድ ቀን ተዘፍዝፎ፣ በሽቦ ብሩሽ ታሽቶ፣ ሶዳ ባለው ውኃ ይታጠብ፤ ወዲያው ደርቆ ዘይት ካልተቀባ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ካቴና፣ ሞላና ኩሽኔታ አቼቶ ውስጥ አይግቡ፤ አሲድ ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። ቴላዮው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አንቲ ረስት ይቀባል፤ ከዚያ ሁለት ስስ ቀለም። የክረምት እርጥበት ቀለሙን ስለሚያጉረበርበው ቀለም መቀባት ከሰኔ በፊት ይለቅ።

የሽያጭ ክፍል
አንድ ነገር ረስታችኋል፦ የቴላዮ ቁጥር። አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሉ አክስል ቤት ሥር ወይም ከኮርቻው አጠገብ ተቀርጿል። ተፍቆ ከጠፋ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አንገዛም። የሻጩ መታወቂያ ቅጅ፣ ቁጥሩና የሁለት ምስክር ፊርማ በውሉ ላይ ይስፈር። የተሰረቀ ብስክሌት ማኅበሩ ግቢ ከተገኘ ሌላው ሥራ ሁሉ ገደል ገባ።

ለገዢም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነፃ ማጥበቂያ እንስጥ። ራጂ ከተወጠረ በኋላ ይረግባል፣ የፔዳል ክንድ ፒንም ቦታውን ሲይዝ ይላላል።

ጸሐፊ
«14 እና 6» ወጥቶ «ምርመራውን ያለፈ ይታደሳል፣ ያላለፈ ይፈታታል» ተብሏል። የቴላዮ ቁጥሩና የነፃ ማጥበቂያው አንቀጽም ገብቷል። የቀረው የፔዳል ክንድ ፒን ማውጫ ማሽን ግዥ ነው።

የጥገና ክፍል
እሱ ከቀለም መርጫው ይቅደም። ከሥር ድጋፍ ሳይደረግ ፒን በመዶሻ ሲመታ ኃይሉ ወደ ኩሽኔታው ሄዶ ኩባያውን ይቀጠቅጣል። ማሽኑ እስኪገዛ ክንዱ በብረት ቱቦ ከመሬት ይደገፍ፤ ዳዶውም ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ይመታ፣ አለበለዚያ የፒኑ ጥርስ ይጨፈለቃል።

ገንዘብ ያዥ
ከሁለት ብረት ቤት ዋጋ ተጠይቆ እስከ ዓርብ ይላክልኝ፤ በጀቱ ላይ እጨምረዋለሁ።