ጥቆማ፦ ጣና ዳር ድምፁ የማይቆራረጥ ኤርፖድ፣ ለጀልባና ለሚኒባስ የሚሆን ብሉቱዝ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች «ባሕር ዳር ውስጥ ደህና የብሉቱዝ ዕቃ ከየት ይገዛል?» ብለው ጠየቁኝ። አንዷ ማለዳ በጣና ዳር በእግሯ እየሄደች መዝሙር የምታዳምጠው እኅቴ ናት። ሌላው ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ወዳጄ ነው፤ ሦስተኛው ሚኒባስ ያላቸው ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። መልሱን እዚህ ላሰፍረው፤ ሌላም ሰው ይጠቅመዋል።

እኅቴ፣ ኤርፖድ ሱቅ ውስጥ ብቻ ሞክረሽ እንዳትገዢ፤ ይዘሽው ወደ ውጭ ውጪ። ሱቁ ውስጥ ኩልል ብሎ የሚሰማው ጣና ዳር ሲደርስ ይቆራረጣል፤ ሁልጊዜም ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውኃ ይውጠዋል፤ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልኩ በኋላ ኪስ ካለ በስልኩና በጆሮ መካከል የቆመው የራሳችን ሰውነት ነው። ቤት ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ ዞሮ ጆሮ ይደርሳል። ሐይቁ ዳር ግን ገላጣ ነው፤ መልሶ የሚያነጥረው ግድግዳ የለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ጤነኛ ኤርፖድ «ተበላሸ» ብዬ ጥያለሁ፤ አሁንም ይቆጨኛል። ስልኩን ወደ ደረት ኪስ ማዛወር ብቻ ይበቃው ነበር።

ስለዚህ ስልኩን በኋላ ኪስሽ አድርገሽ ከሱቁ ደጃፍ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሂጂ፤ ዘወር በይ፤ አንገትሽን ወዲያና ወዲህ አዙሪ። እንዲህ ሆኖ ካልተቆራረጠ ግዢው። ሻጩ «ወደ ውጭ አይወጣም» ካለሽ ደግሞ ስልክሽን ይዘሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።

ከሱቅ በደረቴ የስልክ መሸፈኛ እገዛለሁ፤ ኤርፖድ ግን አልገዛም። ዋጋው ያጓጓል፤ ነገ አንዱ ጆሮ ዝም ቢል ግን ሻጩን የት አገኘዋለሁ? በገበያው አካባቢ ካሉት የሞባይል መለዋወጫ ሱቆች ጠጋኝ አብሮ የሚሠራበትን እመርጣለሁ፤ የሚጠግን ሰው የሸጠውን ዕቃ ድክመት ያውቃል። ወኪል ሱቅ ይወደዳል፤ ዋስትና ግን ይሰጣል። ዋስትና ሲባልም በቃል አይደለም። አንድ ሱቅ በሦስተኛው ቀን የሞተብኝን ዕቃ «ከእኛ መግዛትህን በምን እናውቃለን?» ብሎ መልሶብኛል። ከዚያ ወዲህ የዕቃው መለያ ቁጥር ያልተጻፈበት ደረሰኝ አልቀበልም። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፍም። በመካከለኛ ዋጋ ከሚገኙት ግን ኦራይሞን አስቀድማለሁ።

ወደ ጀልባው ልምጣ። ወንድሜ፣ ሬዲዮና የፍላሽ ቀዳዳ ያለውን ትልቁን ስፒከር እንዳሰብክ ነግረኸኛል። መብራት ሲጠፋ ለቤት እርሱን የሚያህል የለም፤ ውኃ ላይ ግን አንድ ማዕበል ይበቃዋል። ለአንተ የምመክርህ ጄቢኤል ጎ 3 ነው። ፍላሽም ሬዲዮም የለውም፤ ባትሪውም 5 ሰዓት ገደማ ብቻ ይዘልቃል፤ የሞተሩንም ጩኸት አያሸንፍም። ነገር ግን አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃው አይፒ 67 ነው። የመጨረሻዋ 7 ቁጥር ዕቃው በ1 ሜትር ጥልቀት ጨው አልባ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየት እንደሚችል ታመለክታለች፤ የጣና ውኃም ጨው የለውም። 4 የሚል ከሆነ የሚችለው ፍንጣቂ ብቻ ነው። ጣና ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል ይጠልቃልና በማንጠልጠያው ከጀልባው ጋር እሰረው። እርጥብ ሳለም ቻርጅ አታድርገው። ኮፒው ብዙ ነውና ከመክፈልህ በፊት ዋናው መሆኑን አረጋግጥ። አደራህን፣ ወደ ገዳማቱ ስትቃረብ አጥፋው፤ ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፣ አባቶችም ጸሎት ላይ ናቸው።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ላላችሁ ተማሪዎች ባጭሩ፦ ፊልም በብሉቱዝ አትላላኩ። 5 ሜጋባይት መዝሙር በ20 ሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ 700 ሜጋባይት ፊልም ግን አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። በዋይፋይ የሚያስተላልፈው ዜንደር የተባለው መተግበሪያ ለዚህ ይሻላል።

ጋሼ፣ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የሚሰካው ትንሹ ዕቃ ከስልክዎ በብሉቱዝ ተቀብሎ ለመኪናው ሬዲዮ በኤፍ ኤም ያስተላልፋል። ከተማ ውስጥ ይበቃዎታል። ወደ ጎንደር ሲወጡ ግን እዚህ ባዶ የነበረው የሬዲዮ ሞገድ ላይ መንገድ ላይ ሌላ ጣቢያ ሊገባበት ይችላል፤ በየጊዜው መቀየር አለ፤ እርሱንም መኪናውን አቁመው እንጂ እየነዱ እንዳይነካኩት። ቴፑ የገመድ ቀዳዳ ካለው በዚያ የሚሰካው የብሉቱዝ መቀበያ እጅግ የጠራ ድምፅ ይሰጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ካሉ መጥቼ ቴፑን ልየው፤ እስከዚያ ምንም አይግዙ።